ቢጫዋ ዘለላ

ይርጋነሽ ውሸት የማይሆንላት ሴት ናት። ልዋሽ ብትል እንኳ ጆሮዋ ቀድሞ ይቀላና ያሳብቅባታል። ቢቸና ውስጥ በማኅበር ላይ ነገር ሲካረር «እስቲ ይርጋነሽ ትናገር» የሚባለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ናት በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ በኅዳር ብርድ፣ አንዲት ቃል ከአፏ ሳይወጣ መንገደኛውን ሁሉ የሚያሳስት ውሸት አጥሯ ላይ የሰቀለችው። ነገሩን ሰምተው የፈረዱባት ብዙ ናቸው። እኔ መፍረዱ አልሆነልኝም።

ቤቷ በከተማው ጫፍ፣ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ሞጣ ከሚዘልቀው መንገድ ዳር ነው። እንጀራዋ የበግ ጠጉር ነው። ጠጉሩን ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከሮብ ገበያ ታስመጣለች፤ የዚያ አገር በግ ብርዱን ስለለመደው ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በእንዶድ ታጥበዋለች፤ እሾኩን ትለቅማለች፤ በደጋን ስትነድፈው ብናኙ ቤቱን ይሞላና የገባ የወጣው ሁሉ ያነጥሳል። ከዚያ እንዝርት ነው። ሁለቱን ክር አንድ ላይ ታከረዋለች፤ በክርኗና በመዳፏ ዙሪያ እያዞረች ዘለላ ዘለላ ታደርገዋለች፤ ትነክረዋለች፤ አጥር ላይ ታሰጣዋለች። ሹራብ መሥራት የተማረችው ልጅ ሳለች፣ ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበር። መርፌዎቿ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ የተሞረዱ ናቸው። ከፋብሪካው ይሻላሉ ብላ ትከራከራለች፤ እስካሁን ያመናት የለም።

በዚያ አገር ሰው ሲሞትባቸው ሴቶች ነጠላቸውን ጥቁር ነክረው ከል ይለብሳሉ። አጥር ላይ ጥቁር ተሰጥቶ ያየ መንገደኛ ወርዶ አይጠይቅም፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፍና በሚቀጥለው ከተማ ያወራዋል። በተለይ እንደዘንድሮው ስልክ ወራት ሙሉ ሲቋረጥ፣ ወሬ የሚሄደው ሰው በመኪና መስኮት ያየውን ይዞ ነው። የይርጋነሽ እናት አመተ ሥላሴም በዚሁ ሙያ ስለኖረች አንድ ዘዴ ነበራት። ጥቁር ክር ባሰጣች ቁጥር ከመሃሉ አንዲት በእርድ የተነከረች ቢጫ ዘለላ ታንጠለጥላለች። «ሥራ መሆኑን ይወቁልን፤ አለዚያ ድንኳን ተሸክመው ይመጡብናል» ትል ነበር። የመስመሩ ሾፌሮች ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ልጆቿ ይርጋነሽና ስጦታው ቢጫዋን እኔ ልስቀል እኔ ልስቀል እያሉ ይጣሉ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ታናሹ ስጦታው ነው። ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ከመንገዱ በደንብ ከምትታይበት ቦታ ይሰቅላታል።

ስጦታው አሁን የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ሞጣ ውስጥ ጎሚስታ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ይጠግናል። ከአምስት ዓመት በፊት እናታቸው ስትሞት፣ የተበላሸ መኪና ሊያነሣ ሩቅ ወጥቶ ነበርና መርዶው ዘግይቶ ደረሰው። ቢቸና የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። አባታቸው መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል፣ አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው፣ ለቀስተኛው ሁሉ በተቀመጠበት ድንኳን ውስጥ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እናትህን አፈር አላለበስሃትም» አሉት። «እኔንም እንዳታለብሰኝ። ስሞት ቀብሬ ላይ ብትቆም፣ ለለቅሶዬ በዚህ በር ብትገባ፣ ገዝቼሃለሁ!»

የአባት ግዝት ነው፤ በዚያ ላይ የመሪጌታ። ስጦታው ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ በሩ አልተከፈተለትም። በአራተኛው መምጣቱን ተወ። ይርጋነሽ አምስት ዓመት ሙሉ አንዱን ስትለምን ሌላውን ስታባብል ኖረች፤ በዚህ መሃል ለራሷ ትዳር መያዝ ትዝ ያላት አይመስለኝም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ መሪጌታ ወደቁ። እግራቸው አበጠ፤ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ያያቸው ባለሙያ «ልባቸው ደክሟል፤ ብቻ ብርድ እንዳያገኛቸው» ብሎ ሄደ። በኅዳር፣ የጮቄ ነፋስ በየሽንቁሩ እየገባ፣ ብርድ እንዳያገኛቸው! ተናግሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይለዋል። ያረጀው በርኖሳቸው ከመሳሳቱ የተነሣ እጅ ያሳልፋል። ይርጋነሽ ከነጭ ጠጉር ወፍራም ሹራብ ልትሠራላቸው አሰበች።

«ነጭ አልብሰሽ ሙሽራ ልታደርጊኝ ነው?» አሏት። የጥቁር በግ ጠጉር ደግሞ ዘንድሮ ከሮብ ገበያ አልመጣላትም። ነጩን ጥቁር መንከር ግድ ሆነ።

ክሩን እየፈተለች ሳለች ነው፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት እግራቸውን በሞቀ ውሃ ስታሻቸው የጠሯት።

«ይርጋነሽ፣ ያ ልጅ አሁንም ሞጣ ነው?»

አምስት ዓመት ሙሉ ስሙ በዚያ ቤት አልተነሣም። እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«ሞጣ ነው፣ አባባ።»

«አስጠሪው። ያን ቃል ይዤ መሄድ አቃተኝ።»

«ፈትቼዋለሁ ይበሉ፤ ሰው ይስማዎትና እኔ እልክለታለሁ።»

«አይሆንም። በፊቱ ያሰርሁትን በሌለበት አልፈታውም። እጄን ራሱ ላይ ጭኜ ነው። ሳልፈታው ከሞትሁ ታስሮ ይቀራል። ሰምተሻል?»

ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። የአባቷ አፍ ሳይያዝ ወንድሟ በዚያ በር መግባት አለበት፤ በቃ ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ መልእክት ላከች። ሁለት ጊዜም «ይህ የእህቴ ልብ ነው እንጂ የአባቴ ቃል አይደለም» ብሎ መለሰባት። ሰውየው ሦስት ጊዜ ድንጋይ ተሸክሞ የተመለሰ ነው፤ ምን ይበል?

የሹራቡን የፊትና የጀርባ ክር የነከረችው በኅዳር መጀመሪያ ነው። የገበያውን ጥቁር ቀለም ትልቁ ድስት ውስጥ በጥብጣ፣ ቀለሙን እንዲይዘው ሎሚ ጨምቃበት፣ ስታማስል ዋለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ጠቆረ። ጓሮው ጥላ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው የመንገዱ አጥር ብቻ ስለሆነ እዚያ አሰጣችው፤ ቢጫዋንም እንደ ደንቡ ከመሃል ሰቀለቻት።

ብዙም አልቆየ፣ ከሞጣ የመጣ ሚኒባስ ቆመና ሀሲና እየጮኸች ወረደች። ሀሲና የሞጣ ነጋዴ ናት፤ የይርጋነሽን ሹራብና ካልሲ እየወሰደች ትሸጥላታለች። አብረው ከሠሩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

«ይርጌ! የኔታ ናቸው? ወይኔ፣ መቼ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል! ሹራባቸው ነው። ቢጫዋን አታዪም?»

«ሾፌሩም ሥራ ነው ብሎኝ ነበር፤ እኔ መቼ አመንሁት!» አለች ሀሲና፣ ደረቷን ይዛ። በድንጋጤ ያላየቻትን ቢጫ ስታይ ግን ሳቋ መጣ። «ይኼማ ለመሪጌታም ለሾፌርም የሚሆን ጽሕፈት ነው። ብቻ እውነት ለቅሶ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ወንድምሽ ይሄኔ መኪናውን ቀድሞ ደርሶ ነበር።»

እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው፤ ወዲያው ረሳችው። ይርጋነሽ ግን አልረሳችውም።

ሀሲና በሽተኛውን ልትጠይቅ ገባች። መሪጌታ ድምፅዋን ሲለዩ ከትራሳቸው ሥር መቁጠሪያቸውን አወጡ። ጥቁር መቁጠሪያ ነው፤ ስጦታው ልጅ ሆኖ ስድስት ዶቃ በጥሶበት፣ ስድስቱ በሌላ ዓይነት ዶቃ የተተኩበት።

«ይህን ለዚያ ልጅ ስጭልኝ፣ ልጄ። ያውቀዋል። አባትህ እጄን ራስህ ላይ ልጫን ብሏል በይው።»

ሀሲና በሁለት እጇ ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። «ወላሂ የኔታ፣ ነገ እጁ ይገባል» አለች።

ቃሏን ጠብቃለች። መቁጠሪያው በማግሥቱ የስጦታው እጅ ገባ። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ተዘጋ። በዚህ ሰሞን መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ሰው ለምን ብሎ መጠየቅ ትቷል። መኪና ጠፋ። መሪጌታ ጆሯቸውን ወደ በሩ አድርገው ይተኛሉ። ነፋስ ቆርቆሮውን ባንኳኳ ቁጥር «ማነው?» ይላሉ። ይርጋነሽ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ጣቶቿ በብርዱ ደንዝዘው የሹራቡን ዓይን ይስታሉ፣ ፈትታ ትመልሳለች፣ እንደገና ትስታለች። የሹራቡ ጀርባ አለቀ። ፊቱ አለቀ። ስጦታው አልመጣም።

በሰባተኛው ቀን የመሪጌታ ምላስ ከበደ። ጠዋት ጸሎታቸውን ጀምረው መሃል ላይ ቃሉ ጠፋባቸው። አርባ ዓመት ሲያስተምሩት የኖሩት ቃል! አፋቸውን ከፍተው ቆዩና እንባቸው መጣ። ከቀትር በኋላ ተመለሰላቸው፤ ይርጋነሽ ግን ያየችውን አይታለች። ቀኑ እያለቀ ነው። ሹራቡን ጣለችና ወደ ጓሮ ወጥታ፣ ሰው እንዳይሰማት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ አለቀሰች።

በስምንተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ በእግራቸው ከሞጣ መጡ። መሪጌታን የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ለማረፍ ገቡ። ይርጋነሽ ውሃ እንኳ ሳታቀርብላቸው ጠየቀቻቸው።

«ስጦታውን አዩት?»

«ሀሲና መቁጠሪያውን ስትሰጠው እዚያው ነበርሁ» አሏት። «ተቀበለ። አገላብጦ አየው። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ገብቶ በሩን ዘጋ።»

የአባቷን መቁጠሪያ ተቀብሎ በሩን ዘጋ! ከዚህ በላይ ምን ይላካል? ሌላ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ያስብ ነበር፤ መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን ሽማግሌ ያልፍ ይሆናል እንጂ ጎልማሳ ወንድ በእግሩ እንደማይወጣ ይርጋነሽም አሳምራ ታውቃለች። ግን ማሰብ የሚችል ልብ አልቀረላትም። በዚያች ሰዓት የታያት የተዘጋ በር ብቻ ነው።

እሑድ ማታ ላይ መንገዱ ነገ ይከፈታል ተባለ። የእጅጌው ክር ተነክሮ ድስቱ ውስጥ ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ፣ ይርጋነሽ ጥቁሩን ዘለላ አንድ በአንድ እየጨመቀች አጥሩ ላይ ደረደረችው። ቢጫዋን አነሣች። ያ ስጦታው ይቆምበት የነበረው ድንጋይ አሁንም እዚያው ነው። ድንጋዩ ላይ ወጣች፤ ቢጫዋን ይዛ ቆመች።

አለመስቀል ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። አንድም ሰው አልዋሽም። ሾፌሮቹ ያያሉ፤ ሞጣ ገብተው ያወራሉ፤ ስጦታው ይሰማል። ለበሽተኛ አባቱ በሩን ይዝጋ፤ ለሞተ አባቱ ግን ሊዘጋው አይችልም። ግዝቱን ፈርቶ ወደ ቤት አይገባ ይሆናል። ግን ይመጣል፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያለቅሳል። ያኔ ወጥቼ፣ በጉሮሮውም ቢሆን አንቄ፣ አስገባዋለሁ። ይስደበኝ፣ ይምታኝ፤ ብቻ አባባ እጃቸውን ይጫኑበት። እንዲህ እያለች ለራሷ ደጋገመችው። ከድንጋዩ ወርዳ ቢጫዋን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠቻት፤ እርጥብ ስለነበረች ብርዷ እስከ ሆዷ ገባ።

የመጀመሪያው መኪና የመጣው ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከሞጣ በኩል ነው። ይርጋነሽ ከአጥሩ አጠገብ መታየት አፍራ ሮጣ ገባችና ከበሩ ኋላ ቆመች። ሚኒባሱ ቀነሰ። ቆመ። ሞተሩ ሳይጠፋ ቆየ፤ አንድ አባታችን ሆይ የሚያደርስ ያህል። የበር ድምፅ አልተሰማም። ከዚያ ማርሽ ገባና ወደ ደጀን አቅጣጫ ሄደ።

«ማነው የቆመው?» አሉ መሪጌታ ከአልጋቸው ላይ።

«መንገደኛ ነው፣ አባባ።»

ጆሮዋ ሲቀላ ታወቃት። ግን በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏት ነበር። ታየ! ይህኛው ወደ ደጀን ቢሆንም ሲመለስ ያወራዋል፤ ሌሎቹም ይመጣሉ። ቀኑን ሙሉ በመኪና ድምፅ ዋለች። ጎረቤቷ ሀብትነሽ ብቻ ቆም ብላ «ምነው፣ ቢጫዋን ረሳሻት?» አለቻት።

«ቀለሟ ለቀቀ» አለች ይርጋነሽ፣ ፊቷን ወደ ድስቱ አዙራ።

ማክሰኞ ስጦታው አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሁለቱንም እጅጌ ጨርሳ ሹራቡን ረቡዕ ቀን አለበሰቻቸው፤ በአንገታቸው ለማስገባት ቀና ስታደርጋቸው ክብደታቸው የሕፃን ሆኖባት ደነገጠች። መሪጌታ እጅጌውን ዳሰሱ፣ አንገቱን ዳሰሱ። «ይሞቃል» አሉ። «ሲመጣ ይህን ለብሼ ያየኛል።»

ሐሙስ ጠዋት ከደጀን በኩል የመጣ አይሱዙ ሀሲናን አውርዶ ሄደ። አወራረዷ እንደ ሌላ ቀን አልነበረም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ገና አጥሩ ጋ ሳትደርስ እያነባች መጣች። ይርጋነሽ በሩ ላይ አገኘቻት።

«አላህ ያጽናሽ፣ ይርጌ። አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ። ሰኞ ሳልወርድልሽ ቀረሁ፤ ሞጣ የሚጠበቅ ዕቃ ደጀን ላይ…»

አልጨረሰችውም። በበሩ በኩል፣ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው፣ ጥቁር ሹራብ ለብሰው፣ መሪጌታ ወደ ድምፁ ዞረው ነበር።

«ሀሲና ነሽ?» አሉ። «ማን ሞቶ ነው?»

ሀሲና የበሩ መድረክ ላይ ዘፍ አለች። ይርጋነሽን አየች፣ አጥሩን አየች፣ መልሳ ይርጋነሽን አየች። ይርጋነሽ እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተቻት።

«ሰኞ አልወረድሁም ያልሽው ምንድን ነው?»

«በዚያች ሚኒባስ ውስጥ ነበርና! አብረን ነበርን! ስጦታው!» ሀሲና ድምፅዋን መቆጣጠር አቃታት። «መቁጠሪያውን የሰጠሁት ቀን ቤቱን ዘግቶ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አመሸ። በማግሥቱ ሊመጣ ልብሱን ቋጥሮ መናኸሪያ አደረ፣ መንገዱ ተዘጋ። ዘጠኝ ቀን፣ ይርጌ፣ በየቀኑ መናኸሪያ እየሄደ ተመለሰ። ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ መቁጠሪያውን ሲቆጥር መጣ። ቢቸና ስንገባ አጥሩ በሩቅ ታየው። ሾፌሩን ቁምልኝ አለው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከዳር እስከ ዳር አየ፤ ደግሞ አየ። ‹ሀሲና፣ ቢጫዋ ትታይሻለች? የኔ ዓይን ይሆን?› አለኝ። እኔም ዞሬ አየሁ። አልታየችኝም፤ አልታየችኝም አልሁት።»

ይርጋነሽ የጓሮውን ግድግዳ ይዛ ቆመች።

«ለምን አልወረደም?» አለች። «ለለቅሶ ለምን አልወረደም?»

«ልውረድ ብሎ እጀታውን ይዞ ነበር። ከዚያ ተወው። ‹ገዝተውኛል፤ ሳይፈቱኝ ሄዱ። በሕይወት ሳሉ ብደርስ ነበር የምገባው፤ ለለቅሷቸው እንዳልገባ ገዝተውኛል› አለ። ሾፌሩን ንዳው አለው። ደጀን ስንደርስ ‹እዚህ አገር ከእንግዲህ ምን አለኝ› ብሎ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረኝም፤ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።»

የበቀደሙ ሞተር ድምፅ በይርጋነሽ ጆሮ ውስጥ ተመልሶ መጣ። አንድ አባታችን ሆይ የሚያደርስ ያህል ቆሞ ነበር። እሷ ከበሩ ኋላ፣ እሱ ከአጥሩ ማዶ፣ በመሃላቸው አሥር እርምጃ። አንዴ ብቅ ብትል ኖሮ! መቀነቷን ፈታች፤ ቢጫዋ አራት ቀን እዚያው ውስጥ ከርማ ደርቃ ነበር። እጇ ውስጥ ጨምቃት መሬት ላይ ተቀመጠችና ጮኸች፤ ከዚህ ወዲያ ማን ይሰማኛል ማለቱን ተወችው።

መሪጌታ ሰሙ። ገብታ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መዋሸት አልቻለችም፤ ደግሞ ለምን ትዋሻለች? የሀሲናን ቀልድ፣ የሽማግሌውን ወሬ፣ ድንጋዩን፣ መቀነቷን፣ አንዱንም አላስቀረችም። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ ይርገሙኝ ብላ ለመነች።

«ማነው የቆመው ያልሁሽ ጊዜ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ አልጋዬ ላይ ነበርሁ። እሱ እዚያ ነበር።» እጃቸው የሹራቡን እጅጌ ይዞ ይፈትል ጀመር። «ነይ፣ ራስሽን ወዲህ አድርጊው።»

ተንበርክካ ራሷን አልጋው ላይ ደፋች። ሁለት እጃቸውን ጫኑባት። ቃሉ እየተያዘባቸው፣ እያቆሙ እየቀጠሉ፣ በልጃቸው ስም የግዝቱን መፍቻ ጸሎት እሷ ላይ አደረሱ። ሲጨርሱ ደክሟቸው ነበር።

«ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም» አሏት። «እንዲህ ያለ አድርጌ አላውቅም። ካገኘሽው እጅሽን ጫኝበት። አሁን ሂጂና ቢጫዋን መልሻት፤ እኔ ገና አለሁ።»

ቢጫዋን ሰቀለቻት። አጥሩ ላይ ከእሷ በቀር አንድም ክር አልነበረም፤ ጥቁሩ ሁሉ አባቷ ትከሻ ላይ ነው። ሀሲና እስከ ዓባይ ማዶ በሚዘልቅ ሾፌር ሁሉ መልእክት ላከች። ስጦታው የሚባል፣ ረጅም፣ እጁ ላይ የጎማ ጠባሳ ያለው፣ ስድስት ዶቃው የተለየ መቁጠሪያ የያዘ ሰው ያየ፣ አባትህ አለ ይበልልኝ እያለች። ያየሁት የሚል አልተገኘም።

መሪጌታ በስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ሹራባቸውን እንደለበሱ አረፉ። ቀብሩ ላይ ቅኔ ያስተማሯቸው ከሦስት ወረዳ መጡ፤ አፈር ለማልበስ ተራ የማይደርስ ሆኖ ነበር። ይርጋነሽ ሰው ጨርሶ እስኪሄድ ቆመችና፣ የራሷን አንድ እፍኝ ካለበሰች በኋላ፣ ሌላ እፍኝ ደገመች። የማን እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን ጥቁር ነክራ አጥሩ ላይ አሰጣች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ወጣችና ቢጫዋን ከመሃሉ ሰቀለች። ሀብትነሽ ሮጣ መጣች።

«ይርጌ፣ ምን መሆንሽ ነው? አሁን እኮ እውነት ሞተዋል። አንሻት፤ ሰው ምን ይላል?»

«ይበል» አለች ይርጋነሽ። «እሱ ካያት ይወርዳል። ከወረደ በኋላ እኔ እነግረዋለሁ።»

ታኅሣሥ ገባ። ብርዱ ባሰ። ይርጋነሽ በረንዳው ላይ፣ መንገዱን በምታይበት፣ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ለቅሶ ያልደረሱ ዘመዶች ከሞጣም ከደጀንም ያልፋሉ፤ ሾፌሮቹ ግን ቢጫዋን ያዩና «ሥራ ነው» ብለው ሳይቆሙ ይሄዳሉ።